ስለ ዳፍንት በሽታና ከጓሮ ስለሚገኘው መድኃኒቱ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት፥ ሰፊ እርሻም ላላቸው ሁሉ የተጻፈ ትምህርት

የአንድ አገር ሀብት የሚቈጠረው በጐተራ ውስጥ ባለው እህል ብቻ አይደለም፤ እህሉን የሚያርሰውና የሚበላው ሰው ጤና ከሌለው የሞላ ጐተራም እንደ ባዶ ይቈጠራል። ስለ ዝናም መዘግየት፥ ስለ አንበጣና ስለ ምርት ማነስ የሚጻፍ ወረቀት በየጊዜው ወደ መሥሪያ ቤት ይመጣል። ነገር ግን በአንድ ቀበሌ ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት የሚሳናቸው ሕፃናት ስንት እንደ ሆኑ የሚያስረዳ ወረቀት እምብዛም አይታይም። ይህም በሽታው ስለሌለ አይደለም፤ ጩኸት የሌለው በሽታ ስለ ሆነ ነው እንጂ። ልጁ ቀን ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል፤ ሲመሽ ግን ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል፥ ወደ ምድጃውም ይደናቀፋል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር እናስረዳለን። መጀመሪያ፥ ዳፍንት ከምግብ ጕድለት የሚመጣ በሽታ መሆኑን፤ ሁለተኛ፥ መድኃኒቱ በጓሮ የሚበቅል መሆኑን፤ ሦስተኛ፥ ይህ መድኃኒት ከልጆች አፍ የሚጐድለው በድኽነት ብቻ ሳይሆን፥ ብዙ ጊዜ ያለውን ሁሉ ለገበያ በማውጣት መሆኑን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

1ኛ፤ ጸሐፊው በልጅነቱ ያየው ነገር

እኔ ይህን የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት የደገምሁ፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሂሳብና የተፈጥሮን ነገር የተማርሁ ጸሐፊ ነኝ። ነገር ግን ቅኔ ለመማር ከቤቴ ርቄ የቈሎ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ፥ ከእኔ ጋር በአንድ ጎጆ የሚያድር አንድ ልጅ ነበር። ቀን ሲሆን ከሁላችን ይልቅ ፈጣን ነበረ፤ ወደ ማታ ግን ቍራሽ ለመለመን ስንወጣ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ውሻ ሲመጣበት ድምፁን ይሰማል እንጂ አያየውም ነበርና እግሩ በንክሻ ቈስሎ ነበር። አንዳንዱ ሰነፍ ነው ይለዋል፤ አንዳንዱም ድግምት ተደርጎበት ነው ይል ነበር። ምግባችን ግን ወሩን በሙሉ ደረቅ እንጀራና ቈሎ ብቻ እንደ ነበር ማንም ልብ አላለም።

የትንሣኤ በዓል በደረሰ ጊዜ በአጠገባችን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት የልጁን ነገር ሰምተው፥ ከታረደው በግ ጉበቱን ጠብሰው አበሉት፤ በማግሥቱም ደገሙለት። ጥቂት ቀን ሳይቈይ ልጁ በምሽት ከእኛ ጋር መሄድ ጀመረ። እኛም ተአምር ነው አልን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪዬ የጉበትን ነገር ባስረዱን ጊዜ ግን፥ ባልቴቲቱ ያደረጉት ሐኪም የሚያደርገውን እንደ ነበር አወቅሁ።

በዚያው መንደር ከኵፍኝ በኋላ ሁለቱ ዐይኖቿ የጠፉ፥ አራት ዓመት ያህል የሚሆናት ሕፃንም ነበረች። በቤታቸው አጥር ላይ ቢጫ ዱባ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ነገር ግን ለገበያ የተቈጠረ ስለ ሆነ ለእርስዋ አልተቀቀለላትም። ይህን ዱባ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይህን ትምህርት እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

2ኛ፤ ዳፍንት ምን እንደ ሆነ

በዐይናችን ውስጥ በስተ ኋላ ብርሃንን የሚቀበል ስስ መጋረጃ አለ። በዚህ መጋረጃ ውስጥ በጨለማ ጊዜ የሚያገለግል አንድ ቀለም ይገኛል። ይህን ቀለም ሰውነት የሚሠራው ቪታሚን ኤ ከሚባለው ነገር ነው። ብርሃን ሲያገኘው ቀለሙ ይፈርሳል፤ እንደ ገና ለመሠራትም ቪታሚኑን ይፈልጋል። ጆርጅ ዋልድ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ ይህን አሠራር ስለ ገለጠ በ1967 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። እንግዲህ ቪታሚኑ በጐደለ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው የምሽት ማየት ነው።

ጕድለቱ ከቀጠለ ዐይኑ ይደርቃል፤ በዐይኑ ነጭ ላይ፥ በጐን በኩል፥ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነጭ ምልክት ይታያል። ከዚያም ብሌኑን የሚሸፍነው ጥሩ መስተዋት የመሰለው ክፍል ይለሰልስና ይቀልጣል። ዳፍንቱ በመድኃኒት ይመለሳል፤ የቀለጠ ዐይን ግን ከቶ አይመለስም። ስለዚህ ዳፍንት እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

ቪታሚን ኤ የሚያገለግለው ዐይንን ብቻ አይደለም። የአፍንጫን፥ የሳንባንና የአንጀትን ውስጠኛ ቆዳ ይጠብቃል፤ ሰውነትም ከበሽታ ጋር ሲዋጋ ይረዳዋል። ስለዚህ ቪታሚኑ የጐደለው ሕፃን ተቅማጥና ኵፍኝ ሲይዘው ከሌላው ይልቅ ይበረታበታል። ኵፍኝም በበኩሉ በሰውነት የቀረውን ጥቂት ቪታሚን ይጨርሰዋል፤ ከኵፍኝ በኋላ ብዙ ሕፃናት የሚታወሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3ኛ፤ ሊቃውንት ይህን እንዴት እንዳገኙት

ጉበት ለዳፍንት እንደሚረዳ የጥንት የግሪክ ሐኪሞች ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም ነበር። በ1912 ካዚሚር ፉንክ የተባለው የፖላንድ ተወላጅ፥ በምግብ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ፥ ሲጐድል ግን በሽታን የሚያመጣ ነገር እንዳለ አስረድቶ ቪታሚን የሚለውን ስም አወጣ። በ1913 በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን፥ ማክኮለምና ማርጋሪት ዴቪስ አይጦችን ሲመግቡ፥ የአሳማ ስብ ወይም የወይራ ዘይት የተሰጣቸው ዕድገታቸው ቆመ፤ ከቅቤና ከእንቍላል አስኳል የወጣው ቅባት የተጨመረላቸው ግን እንደ ገና አደጉ። ይህም በኋላ ቪታሚን ኤ ተባለ። በ1930 ደግሞ ቶማስ ሙር የተባለው እንግሊዛዊ፥ ካሮትንና መሰሎቹን ቀለም የሚሰጠው ካሮቲን የተባለው ነገር በእንስሳ ሰውነት ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ እንደሚለወጥ አስረዳ። በሬ ሳያርድ፥ ላም ሳያልብ፥ ገበሬ ከጐመኑ መደብ ዐይኑን ሊጠብቅ የሚችለው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእናንተ ለአስተዳዳሪዎች የሚጠቅመው ግን የዴንማርክ አገር ታሪክ ነው። ዴንማርክ የላምና የቅቤ አገር ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን የቅቤ ዋጋ በውጭ አገር ከፍ ስላለ ቅቤው ተሸጠ፤ የድኾች ልጆችም ቅባቱ የወጣለት ወተትና ከአትክልት ዘይት የተሠራ ማርጋሪን ይበሉ ጀመር። ካርል ብሎክ የተባለው የኮፐንሃገን የሕፃናት ሐኪም፥ ዐይናቸው የደረቀና የታወረ ብዙ ሕፃናት ወደ እርሱ ሲመጡ አየ። ባለ ቅባት ወተትና የዓሣ ጉበት ዘይት በሰጣቸው ጊዜ ገና ያልጠፋው ዐይን ዳነ። በጦርነቱ መጨረሻ ቅቤው ከአገር መውጣቱን ትቶ በልክ ለሕዝቡ በታደለ ጊዜ በሽታው ቀነሰ። እንግዲህ አስተውሉ፤ እነዚያ ሕፃናት የታወሩት በአገራቸው ቅቤ ስላልነበረ አይደለም፤ ቅቤው ከእነርሱ አልፎ ስለ ሄደ ነው።

በኋላም አልፍሬድ ሶመር የተባለው አሜሪካዊ የዐይን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በኢንዶኔዥያ፥ በሱማትራ ደሴት በአቼ፥ በ450 መንደሮች ጥናት አደረገ። የቪታሚን ኤ እንክብል በተሰጠባቸው መንደሮች የሞቱት ሕፃናት፥ ካልተሰጠባቸው ይልቅ አንድ ሦስተኛ ያህል አንሰው ተገኙ፤ ይህም በ1986 ታተመ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑ፥ ጥቅሙ ከዚህ ያነሰ፥ ከመቶ 12 ያህል መሆኑ ታይቷል። ይሁን እንጂ ይህም ቢሆን ለአንዲት እናት ትንሽ ነገር አይደለም።

4ኛ፤ ስለ አገራችን ሁኔታ

ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስ፥ ነጭ በቆሎና ቆጮ ጕልበት ይሰጣሉ፤ ቪታሚን ኤ ግን በውስጣቸው የለም፥ ቢኖርም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሆዱ የጠገበ ሕፃን በዳፍንት ሊያዝ ይችላል። በመላው ኢትዮጵያ ከተደረገና በ2010 ከታተመ ጥናት እንደሚታየው፥ ደማቸው ከተመረመረው ሕፃናት ከመቶ 38 ያህሉ ቪታሚን ኤ የጐደላቸው ሆነው ተገኝተዋል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛው፥ በበጋ ለምለም ቅጠል መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው፥ የእናት ጡት የመጀመሪያው ቢጫ ወተት በአንዳንድ ቦታ መጥፎ ነው ተብሎ መደፋቱ ነው፤ ይህ ወተት ግን ቪታሚን ኤ የበዛበት ስለ ሆነ የሕፃኑ የመጀመሪያ ስንቅ ነው። ሦስተኛው፥ በጾም ወራት ለሕፃናት ለብቻ ምግብ አለመሠራቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን በጾም አታስገድድም፤ በእስልምናም ሕፃናት በጾም አይገደዱም። ስለዚህ የሃይማኖት አባቶች ይህን ለእናቶች ቢያስረዱ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። አራተኛው፥ እንቍላሉ፥ ቅቤውና ፓፓያው ሁሉ ወደ ገበያ መሄዱ ነው፤ በዚህ ረገድ ጓሯችን የዴንማርክን ስሕተት ይደግማል።

5ኛ፤ የሚተከለው ምን እንደ ሆነ

ለደጋ። ጐመን፥ ቆስጣና ካሮት ይስማማሉ። የካሮት ዘር እንደ ጐመን በችግኝ አይዛወርም፤ ድንጋይ በሌለበት፥ በደንብ በለሰለሰ መደብ ላይ በመሥመር ይዘራል፥ ሲበቅልም ይሳሳል። ያልበሰለ ፍግ ከተጨመረበት ሥሩ ይበታተናልና የበሰለ ፍግ ብቻ ይግባበት። ጐመን ግን የታችኛው ቅጠሉ ብቻ እየተቀነጠሰ ቢበላ ለብዙ ወራት ይለመልማል።

ለወይና ደጋ። ውስጡ ቢጫ የሆነ ዱባ ከሁሉ ይቀላል። በአጥር ሥር፥ ፍግ በበዛበት ጕድጓድ ይተከላል፤ ቅርፊቱ የጠነከረ ዱባ ሳይቈረጥ በደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ለወራት ስለሚቈይ የበጋ ጐተራ ነው። ውስጡ ብርቱካን መልክ ያለው ስኳር ድንችም እጅግ ይጠቅማል፤ ነጩ ግን ለዐይን አይረዳም። ከጤነኛ ተክል አንድ ክንድ የማይሞላ ሐረግ ተቈርጦ በትልም ጀርባ ላይ ይተከላል። ብርቱካናማውን ስኳር ድንችና ሌሎች ቪታሚን የበዛባቸውን ሰብሎች በማስፋፋታቸው ማሪያ አንድራዴ፥ ሮበርት ምዋንጋ፥ ጃን ሎውና ሃዋርዝ ቡዊስ በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ለቆላ። ፓፓያና ማንጎ ይተከሉ። ፓፓያ በአንድ ዓመት ገደማ ያፈራል፤ ውሃ ከተኛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል፥ ውርጭም ይገድለዋል። ከተክሉ አንዳንዱ ወንድ ሆኖ ስለማያፈራ በአንድ ጕድጓድ ሦስት ወይም አራት ዘር ይጣል፤ አበባው ከታየ በኋላ ትርፉ ወንድ ይነቀላል። በማድ ቤት አጠገብ ቢተከል የዕቃ እጣቢው ውሃ ይበቃዋል። ማንጎ የተዳቀለው ችግኝ ከዘር ከበቀለው ፈጥኖ ያፈራል። በኮንሶና በአርባ ምንጭ አገር እንደሚደረገው፥ ሽፈራው የሚባለውን ዛፍ በየእርሻው ተክሎ ቅጠሉን እንደ ጐመን መብላት ለሌላውም ቆላ መልካም ምሳሌ ነው፤ ዛፉ ድርቅን ይችላልና።

ስለ ፍራፍሬ አንድ ስሕተት እናርም። ብርቱካን፥ ሎሚና ሙዝ ለዳፍንት ብዙ አይረዱም። ብርቱካንና ሎሚ ያላቸው ቪታሚን ሲ ነው፤ እርሱም ድድ እንዳይደማ ይጠብቃል፥ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውንም ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ስለዚህ ሁሉም ፍሬ ጥሩ ነው፤ አንዱ ግን የሌላውን ሥራ አይሠራም።

6ኛ፤ ስለ አበሳሰልና ስለ አቀማመጥ

ካሮቲን በቅባት ካልተረዳ በሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። ስለዚህ ጐመኑ በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይሠራ፤ በጾምም የኑግ ወይም የተልባ ዘይት ያገለግላል። አቮካዶ ያለውም ከካሮትና ከፓፓያ ጋር ቢያበላው ይጠቅማል። ጐመን ረዥም ሰዓት አይቀቀል፤ ሲበስልም ድስቱ ይከደን። ቅጠልን ለበጋ ማድረቅ የሚፈልግ ሰው በጥላ ያድርቀው፤ የፀሐይ ትኵሳት ካሮቲኑን ያጠፋዋልና። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ዱባው ወይም ካሮቱ ተቀቅሎ፥ ተልሞ፥ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ከገንፎው ጋር ይሰጠው፤ የእናቱንም ጡት አይተው።

ደግሞም ሰውነት የተረፈውን ቪታሚን ኤ በጉበት ውስጥ ያከማቻል። ይህ የሰውነት ጐተራ ነው። በማንጎና በዱባ ወራት የጠገበ ልጅ ለክፉው ወራት ስንቅ ይይዛል። ጉበት መድኃኒት የሆነውም እንስሳው በዚያው ቦታ ያከማቸውን ስለምንበላ ነው።

7ኛ፤ ስለ ቪታሚን እንክብል

በጤና ሠራተኞች እጅ የሚሰጠው እንክብል በየስድስት ወሩ ለሕፃናት ይታደላል። ከስድስት እስከ 11 ወር ላለው ሕፃን 100,000 ዩኒት የያዘው ሰማያዊው፥ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላልሞላው ደግሞ 200,000 ዩኒት የያዘው ቀዩ ነው። ኵፍኝ የያዘው ወይም ዐይኑ የደረቀ ሕፃን ግን ይህን ቀን ሳይጠብቅ ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ስለ እንክብሉ ሁለት ነገር ይታወቅ። መጀመሪያ፥ እንክብል ነፍስን የሚያድን ድጋፍ ነው፤ ነገር ግን መንገድ ሲቈረጥ፥ ወይም ዕደላው ሲዘገይ ይቀራል፤ የጓሮው ተክል ግን በየዕለቱ በደጅ አለ። ሁለተኛ፥ ከመጠን ያለፈ የቪታሚን ኤ እንክብል መርዝ ነው፤ ጉበትን ይጐዳል፥ እርጕዝ ሴት ብዙውን ብትወስደው በማኅፀን ያለውን ፅንስ ያበላሻል። ስለዚህ ማንም ሰው ቪታሚን ጤና ይሰጣል ሲባል ሰምቶ ከሱቅ በጠርሙስ እየገዛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይዋጥ። ካሮትና ጐመን ያበዛ ሰው ግን ምናልባት የእጁ መዳፍ ቢጫ ይመስል እንደ ሆነ ነው እንጂ አይመረዝም፤ ሰውነት ከካሮቲኑ የሚለውጠው የሚያስፈልገውን ያህል ነውና።

8ኛ፤ የሹማምንትና የባለ እርሻዎች ሥራ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በወረቀት እንዳይቀር የሚከተለው ቢደረግ መልካም ነው።

ሀ) በየቀበሌው ከጤና ሠራተኞች ጋር ሆኖ እናቶችን «ልጅሽ ሲመሽ ደኅና አድርጎ ያያል ወይ?» ብሎ መጠየቅና ቍጥሩን ከእህሉ ምርት ቍጥር ጋር መጻፍ ይገባል። እናቶች ዳፍንትን በስሙ ያውቁታል፤ ያልተጠየቁትን ግን አይናገሩም።

ለ) የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ባሕር ዛፍና ቡና ብቻ ሳይሆን ፓፓያ፥ ማንጎና ሽፈራውም ያፍላ፤ የብርቱካናማውም ስኳር ድንች ሐረግ በውሃ ዳር በጋውን እንዲያልፍ ይጠበቅ፤ ሐረጉ በበጋ ከደረቀ በክረምት የሚተከል አይገኝምና።

ሐ) ሰፊ እርሻ ያለው ሰው በእርሻው ለሚሠሩት ሰዎች ቤተ ሰብ ጥቂት የጓሮ መሬትና የመስኖ ውሃ ይፍቀድ። ሠራተኛው ደመወዙን በእህል ወይም በገንዘብ ቢቀበል፥ የልጁ ዐይን ግን በጓሮው ይጠበቃል።

መ) በትምህርት ቤት ግቢ የአትክልት መደብ ይበጅ፤ የቈሎ ተማሪዎች ባሉበት ደብርም እንዲሁ። ተማሪ ራሱ የተከለውን ጐመን ይበላልና።

ሠ) ገበሬው ፍሬውን አይሽጥ አንልም፤ ገንዘብም ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ከአሥር ዱባ አንዱ፥ ከአሥር እንቍላል ሁለቱ ለልጆች ይቅር ብሎ መምከር አይከብድም። ለእግዚአብሔር አሥራት ማውጣትን የሚያውቅ ሕዝብ፥ ለልጁ ዐይን አሥራት ማውጣትን ቶሎ ይረዳል።

ይህን ሁሉ አንድ ሹም ብቻውን ይሥራው ቢባል ሸክሙ ይከብደዋል፤ ነገር ግን አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዳሉት፥ ጤና ሠራተኛው፥ አስተማሪው፥ ካህኑ፥ ሼኩና ባለ እርሻው ሲካፈሉት ቀላል ይሆናል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሹም ነገ ወደ አንድ መንደር በወጣ ጊዜ ጐተራውን ከማየቱ አስቀድሞ ጓሮውን ይመልከት፤ በአጥሩም ላይ ዱባ ተንጠልጥሎ ቢያገኝ፥ ከእርሱ ለልጆቹ የተቀቀለ እንዳለ ይጠይቅ።